ያቺ ስንኝ የሼሁ አይደለችም

መጀመሪያ ልናዘዝ። በሼህ ሁሴን ጅብሪል ስም ከሚዞሩት ግጥሞች ቢያንስ አንዷ የእሳቸው አይደለችም። ፎርጅድ ናት። በምን አወቅክ ለሚለኝ፣ ከሠሯት ሁለት ልጆች አንዱ እኔ ነኝ።

ለ20 ዓመት ገደማ ለማንም አልተነፈስኩም። አንዳንዴ ቡና ላይ ሊያመልጠኝ ሲል ከቆሎው ጋር መልሼ እውጠዋለሁ። በቅርቡ ግን ደሴ ውስጥ አንድ አዳራሽ ተቀምጬ ቀና ስል፣ መድረኩን ከዳር እስከ ዳር በሸፈነ ባነር ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ከነሼሁ ስም አየኋት። ላብ አጠመቀኝ። ደሴ ውስጥ ማላብ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

የደሴ ልጅ ነኝ፣ እንጀራዬ ግን ኮምቦልቻ ነው። በመካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሲሰሙት ቅርብ ነው። የሐረጎን ዳገት የወጣ ሰው ግን ቁጥሩን አያምንም። ኮምቦልቻ በሸሚዝ ትሳፈራለህ፣ ሚኒባሱ በዚያ ጠመዝማዛ ሲያቃስት ቆይቶ ላይ ሲደርስ ጃኬትህን ትፈልጋለህ። 600 ሜትር ገደማ ከፍ ብለሃላ። ታች ፀሐይ ነበር፣ ላይ ጉሙ የጦሳን ተራራ ውጦታል። የኮምቦልቻ ጓደኞቼ «እናንተ ደሴዎች ጋቢ ለብሳችሁ ነው የምትወለዱት» ይሉኛል። እኔም ስለ ሙቀታቸው የምለው አላጣም።

ጥሪው የመጣው አስተማሪ ከሆነ ወዳጄ ነው። «ለሼህ ሁሴን ጅብሪል ዝግጅት አለ፣ እምዬንም ይዘሃት ና» አለኝ። እምዬ አያቴ ናት። ዕድሜዋን ስትጠየቅ «ጣሊያን ሲወጣ ዳዴ እል ነበር» ብላ ትገላገላለች። ማንበብና መጻፍ አትችልም። የግጥም መዓት ግን ጭንቅላቷ ውስጥ አለ። የሼሁን፣ የመንዙማውን፣ የልቅሶውን፣ የሠርጉን፣ አንዳንዴም ሕፃን ፊት የማይባለውን። ወሎ ውስጥ እንዲህ ዓይነት አያት ማግኘት ብርቅ አይደለም። አንተም አለችህ፣ ወይም ነበረችህ።

ከዝግጅቱ በፊት የአብሮ አደጎቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር። «ለደራሲ ቀን ከተሰጠ አይቀር ለምን ለማሞ ውድነህ አይሆንም?» አለ አንዱ። እውነቱን ነው። ዋግ ተወልዶ፣ የስለላ ታሪኮችን እየተረጎመ ስንቱን ወጣት ማንበብ ያስለመደ ሰው ነው። ሌላው የቦሩ ሜዳውን ሊቅ መምህር አካለ ወልድን አነሳ፣ «በስማቸው ትምህርት ቤት ተምረን ማን እንደነበሩ የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?» ብሎ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ሦስተኛው የመንዙማ ባለቤቶቹን ሼሆች ደረደረ። የሾንኬውን ሼህ ጀውሀርን፣ ሼህ ጦልሃን። አንዷ ደግሞ በመጨረሻ መጥታ «ለቅሶ ቤት ቆማ ሬሳውን በግጥም የምታስነሳ አልቃሽስ ደራሲ አይደለችም?» አለችና ግሩፑ ጸጥ አለ። ለእኔ ከሁሉም የበለጠው የእሷ ጥያቄ ነበር። ግን ማንም አልመለሰላትም፣ አንድ ሰው የአውራ ጣት ስቲከር ልኮ ወሬው ወደ ኳስ ዞረ።

ለማንኛውም ሼሁ አሸነፉ። ማሸነፋቸውም አይገርምም። የሌሎቹን ስም የሚያውቅ ሰው አለ፣ የሚያነብም አለ። የሼሁን ግጥም ግን ሊስትሮውም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ ቄሱም፣ ሀጂውም በቃሉ ይወጣዋል።

የወሎ ሰው ካልሆንክ በአጭሩ ልንገርህ። ሼህ ሁሴን ጅብሪል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ውስጥ የኖሩ የሃይማኖት ሰው ናቸው። ሕዝቡ የሚያውቃቸው ግን ወደፊት የሚሆነውን በግጥም በመናገራቸው ነው። ስለሚነግሡት፣ ስለሚወድቁት፣ ከባሕር ማዶ ስለሚመጣው ጠላት፣ ስለሚለወጠው አለባበስና ጠባይ። ሙስሊም ሼህ ናቸው፣ ክርስቲያኑም እኩል ይጠቅሳቸዋል። እኛ ቤት አረፋም ፋሲካም ስላለ፣ ሼሁ የማን እንደሆኑ ጠይቄም አላውቅ።

ግጥማቸው እዚህ የደረሰው ከአፍ ወደ አፍ ነው። መጽሐፍ ላይ የሰፈረው በኋላ ላይ ነው፣ ሰዎች ከአዛውንት አፍ እየለቀሙ። ይህን ስል ወሎ ጽሕፈት አያውቅም ነበር ማለቴ አይደለም። ቦሩ ላይ ብራና ሲጻፍ ኖሯል። ኡለማዎቹም አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ፣ አጀም በሚባለው፣ መንዙማቸውን በወረቀት አቆይተዋል። ፊደል ነበር። የሼሁ ግጥም ግን ፊደል ሳይጠብቅ ሄደ። ባለሁለት ስንኝ ነው፣ ቤት ይመታል፣ አንዴ ከሰማኸው አይለቅህም። ሰኞ ገበያ አንዱ ይለዋል፣ ባቲ ገበያ ሌላው ይደግመዋል፣ የአሰብ መንገድ ሾፌር ደግሞ ጭኖት ይወርድ ነበር። ማተሚያ ቤት ምን ያደርግለታል?

ታዲያ እንዲህ የሚሄድ ግጥም አንድ ጠባይ አለው። ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ በ1909 ሲሸነፉ፣ የጣሊያን አውሮፕላን በኅዳር 1928 ደሴን በቦምብ ሲደበድብ፣ ደርግ ሲመጣ፣ ደርግ ሲሄድ፣ ከጥግ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ «ሼሁ ብለውት ነበር» ሳይል ቀርቷል ብዬ አላስብም። እኔ ራሴ በዕድሜዬ ስንቴ ሰምቻለሁ። ሁሌ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረኝ፣ ለምን አስቀድማችሁ አልነገራችሁንም? እምዬ መልስ አላት። «ነግረናችሁ ነበር፣ ጆሮ የላችሁም።»

አሁን ወደ ወንጀሌ።

አሥረኛ ክፍል ነበርን። አስተማሪያችን «ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት አንድ የሼህ ሁሴን ጅብሪል ግጥም ሰብስባችሁ ኑ፣ ከማን እንደሰማችሁም ጻፉ» ብሎ የቤት ሥራ ሰጠን። አሥር ማርክ አለው። አሪፍ የቤት ሥራ ነበር፣ አሁን ሳስበው። ያኔ ግን እኔና ጓደኛዬ ኳስ ላይ አመሸን። ትዝ ያለን ጠዋት፣ ከሙጋድ ወደ ፒያሳ ስንወጣ ነው። እምዬን ቀስቅሼ ብጠይቃት አርባ ትሰጠኝ ነበር እኮ። ልጅነት።

ፒያሳ ስንደርስ አንድ ነጋዴ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ በሞባይል ያወራል። ሞባይል ደሴ የገባው ገና ነበር። ሰውዬው እጁን እያወናጨፈ፣ እየሳቀ፣ እየተቆጣ፣ ፊቱ ማንም የለም። ጓደኛዬ ቆም አለና ወዲያው፣ ሳይንተባተብ፣ የመጀመሪያዋን ስንኝ አወረዳት። ሁለተኛዋን እኔ በጣቴ እየቆጠርኩ ሞላኋት። እንዲህ ሆነች፦

ገመድ የሌለበት ወሬ ይመጣና፣
ብቻውን ያወራል ሰው ደጅ ላይ ቆመና።

ክፍል ውስጥ አስተማሪው አነበበው። ደግሞ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ። «ከማን ሰማችሁ?» «ከአያቴ» አልኩ፣ ዓይኔን ሳላሽ። አሥር ከአሥር። ይህም አልበቃው፣ ለሌሎቹ ሴክሽኖች ሁሉ አነበበላቸው። «ያኔ ስልክ የሚባል ነገር ሳይታሰብ፣ እዩ እንግዲህ!» ይል ነበር። እኛ ከኋላ ወንበር ተደብቀን ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ከዚያ ተረሳ። ቢያንስ እኛ ረሳነው።

አሥር ዓመት ሳይሞላ አይቀርም፣ አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየወጣሁ ነው። ሐረጎ መሀል ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ከሆነች ሴት ጋር ይጣላል። ገደሉ በግራ በኩል አፉን ከፍቶ ይጠብቀናል። አጠገቤ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ነበሩ። መቁጠሪያቸውን ያዝ አደረጉና፣ ለማንም ሳይሆን ለመስኮቱ፣ «ሼህ ሁሴን ጅብሪል እውነታቸውን ነው» አሉ። ከዚያ አወረዱት፦

ገመድ የሌለበት ወሬ ይመጣና፣
ጤነኛው ያወራል ብቻውን ቆመና።

ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «ወይ ሼሁ!» አለ። ረዳቱ ራሱ አፉን ያዘ። እኔ ብቻ ነኝ ድርቅ ያልኩት።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሳቅ ነው። ቀጥሎ ፍርሃት፣ የቀልድ ጠጠር ወርውሬ የሰው መስኮት የሰበርኩ ነው የመሰለኝ። ሦስተኛው ስሜት ቅናት ነው፣ እሱ እስካሁን አለቀቀኝም። የእኔ ስንኝ ደካማ ነበረች። «ሰው ደጅ ላይ» ያልኩት ቤቱ እንዲሞላ ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም። አንድ የማላውቀው ሰው መጥቶ እሱን አወጣና «ጤነኛው»ን አስገባ። በቃ፣ ግጥም ሆነች! ድሮ ብቻውን ቆሞ የሚያወራው ዕብድ ነበር። አሁን ጤነኛው ነው። በአንዲት ቃል ዓለም መገልበጡን ነገረህ። እኔ ስልክ ነበር ያየሁት፣ ያ ሰው ግን ሰውን ነው ያየው። ማን ይሆን? የሸዋበር ነጋዴ? ወዳጃ ላይ ዱዓ የምታደርግ እናት? የሌላ ክፍል ተማሪ? ምናልባት አንድ ሰውም አይደለም። አንዱ «ደጅ ላይ» ጠፍቶበት ዘለለው፣ ሌላው የጎደለውን በራሱ ሞላው።

አዛውንቱን «አባቴ፣ ከማን ሰሙት?» አልኳቸው።

«ከአባቴ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

እዚያው ላይ ልናገር ነበር። ግን እንዴት አድርጌ ነው አንድ ነጭ ፂም ያላቸውን አባት ሐረጎ መሀል ውሸታም የማደርገው? እሳቸውም የዋሹ አይመስለኝም። እኔስ ብሆን «ከአያቴ» ስል የዋሸሁት የትኛውን ያህል ነው? ቤት መምታትን፣ ስንኝን፣ «ይመጣና» ብሎ መጀመርን ከማን ተማርኩ?

ከዚያ 2014 መጣ። ስለዚያ ዓመት ብዙ ማውራት አልፈልግም፣ ግን ግጥሟ እዚያ ውስጥም አለች። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ በጥቅምት 20 ገደማ፣ እኔ ሚስቴንና ልጄን ይዤ ደብረ ብርሃን ገባሁ። እምዬ «ጦሳን ትቼ የት እሄዳለሁ» ብላ ቀረች። ኅዳር 27 ከተማዋ እስክትለቀቅ ድረስ ድምጿን አልሰማሁም። ኔትወርክ የለም። ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ከወሎ የተፈናቀለው ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይቆማል። ይደውላል፣ አይጠራም፣ እንደገና ይደውላል። አንዲት እናት ስልኩ እንደማይሠራ እያወቁ ያወሩበት ነበር። «ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አንተ ብቻ በር ዝጋ፣ ማታ አትውጣ» ይላሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። አልፌያቸው ስሄድ ግጥሟ በራሷ ጊዜ አፌ ላይ መጣች። የመጣችውም በእኔ ቃል አይደለም። በእሱ፣ በዚያ በማላውቀው ሰው ቃል ነው።

ስመለስ እምዬ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከስታለች። ደሴ ሙዚየም እንደተዘረፈ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተረፈ በየተራ ነገረችኝ። መጨረሻ ላይ «ገመድ የሌለበት ወሬህ አልደረሰኝም» አለችና ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። እሷም ታውቃታለች ማለት ነው። የሼሁ መስሏታል። ያን ቀን ልነግራት አልቻልኩም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሆዴ ይዤ ነው አዳራሹ ውስጥ የተቀመጥኩት።

ስምንት ሰዓት የተባለው ፕሮግራም ዘጠኝ ተኩል ተጀመረ። የክብር እንግዳው ስላልመጡ ነው። ከዚያ ንግግር። ከንግግሩ በኋላ ስለ ንግግሩ ምስጋና። «የማይዳሰስ ቅርስ» የሚለው ቃል ስንቴ እንደተባለ እምዬ በጣቷ ስትቆጥር ነበር፣ አሥራ አንድ ላይ ሰለቻት። አንድ ሰዓት ሙሉ አንዲት የሼሁ ግጥም አልተባለችም። ባነሩ ላይ ካለችው በቀር፣ እሷ ደግሞ የእኔ ናት! አዘጋጆቹን መውቀስ አልፈልግም፣ በጎ ልብ ያላቸው ልጆች ናቸው፣ ከኪሳቸውም አውጥተዋል። ግን እኛ አገር ሰው ሲከበር መድረክ ላይ የሚወጣው ሌላ ሰው ነው። ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

እምዬ ጎኔ ተቀምጣ ዝም አላለችም። የመድረኩ ሰው ሦስት አራት ግጥም ማንበብ ሲጀምር በሹክሹክታ ታርመዋለች። «'ወጣ' አይደለም፣ 'ወረደ' ነው።» ከኋላችን ያሉ ሌላ ሴት «አይ፣ በእኛ በኩል 'ወጣ' ነው የሚባለው» አሉ። እምዬ ዞረች። «እናንተ ከየት ናችሁ?» «ከወረኢሉ።» «ይኸው፣ ለዚህ ነዋ!» ከፊት ያለው ሰውዬ እሽሽ አለን። እኔ ግን ከአዳራሹ ሁሉ እዚያ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ያለችው ጭቅጭቅ ነበረች በዓሏ የመሰለችኝ። ሁለት አሮጊቶች በአንዲት ግስ ሲጣሉ! ማይኩን ወስጄ እዚያ ባስቀምጠው ደስ ባለኝ።

ሻይ ዕረፍት ላይ ውጭ ረከቦት ተዘርግቶ ነበር። እዚያም እንደዚያው። አቦሉ ሳይወርድ አንዱ አንድ ግጥም ጣለ፣ ሌላው አረመው፣ ሦስተኛው «ይቺማ የሼሁ አይደለችም፣ የአዝማሪ ናት» ብሎ ተቆጣ። ጉም ከላይ ወርዶ መሀላችን ገብቷል፣ ማን እንደሚናገር እንኳ አይታይም፣ ድምፅ ብቻ። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ አይጠየፍ የተባለውን የግብር አዳራሽ ሲያሠሩ ስሙ የወጣለት ድሀውንም ባለጸጋውንም ሳይጠየፍ ስለሚያበላ ነው ይባላል። ቡናው ዙሪያ የነበረው እንደዚያ ነው፣ የመጣውን ግጥም ሁሉ ተቀብሎ ያበላል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ግን በመጥሪያ ካርድ ነው።

ስንመለስ መድረክ መሪው «ከታዳሚ ሁለት አስተያየት» አለ። እጄ በራሱ ጊዜ ወጣ። ወላሂ አላዘዝኩትም።

ማይኩ ሲሰጠኝ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ያቺ ባነር ላይ ያለችው የሼሁ አይደለችም አልኩ። እኔና ጓደኛዬ አሥረኛ ክፍል ሆነን ለማርክ ብለን ነው የሠራናት አልኩ። ይቅርታ አልኩ። አዳራሹ መጀመሪያ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ፣ ከዚያ ብዙው ሳቀ። አዘጋጆቹ ባነሩን ቀና ብለው አዩት። ልጆቹ አሳዘኑኝ።

ከፊት ወንበር አንድ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። ወደ እኔ ዞሩና በሐዘኔታ አዩኝ።

«ልጄ፣ አብሽር» አሉኝ። «አልዋሸህም። ጥፋትም የለብህ። ከአያትህ ሰምተኸው ነው፣ ሰምተኸው ረስተኸው ነው። የዚያን ዕለት ሲመጣልህ ያንተ መሰለህ።»

ጭብጨባው! ለክብር እንግዳው እንኳ እንደዚያ አልተጨበጨበም። እኔ «የለም፣ የለም አባቴ» እላለሁ፣ ማይኩ ግን ሄዷል። መድረክ መሪው «አባታችንን እናመሰግናለን፣ ሰዓት ስለሌለን» ብሎ ወደ ሽልማቱ ገባ። አስበኸዋል? የገዛ ሌብነቴን እንኳ አላመኑኝም።

በባጃጅ ወደ ቤት ስንወርድ እምዬ ዝም ብላለች። ተቀየመችኝ ብዬ ፈራሁ። ስሟን ነዋ ያስመሰከርኩት፣ «ከአያቴ» ብዬ። ቤት ገብተን ከሰል አያይዛ፣ ቡናዋን ቆልታ፣ ሁለተኛውን ከቀዳች በኋላ ነው የተናገረችው።

«ያቺን 'ጤነኛው' የምትለዋንም አንተ ነህ ያልካት?»

«አይደለሁም። የእኔ 'ሰው ደጅ ላይ' ነበር።»

«እምም» አለች። ሲኒዋን አስቀመጠች። «አዬ፣ ተወው እንግዲህ። ያችን ያስገባትን ሰው ነበር ባነር ላይ መስቀል።»

ፍርዱ ይኸው ነው። ይግባኝ የለውም።

ማታውኑ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ለዚያ ለወንጀል ጓደኛዬ በኢሞ ደወልኩለት። ጅዳ ነው ያለው፣ ሹፌር ነው፣ ሌሊት ሌሊት አይተኛም። ቤት ውስጥ ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ሁሉንም ነገርኩት። ባነሩን፣ ሽማግሌውን፣ ጭብጨባውን። እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ድምፁ ቀዝቀዝ አለ።

«ስማ እንጂ» አለኝ። «የመጀመሪያዋ እኮ የእኔ አይደለችም።»

«ምን?»

«አባዬ ሬዲዮ በከፈተ ቁጥር የሚላት ናት። 'ገመድ የሌለበት ወሬ ይመጣና' ይልና ጣቢያ ይፈልጋል። አታስታውስም? ያቺን ትልቋን ሬዲዮ?»

ሬዲዮዋን አስታወስኳት። ከቆዳ ማህደሯ ጋር።

«ታዲያ ሁለተኛዋ ስንኝስ?»

«እሷን ሁሌ ይረሳት ነበር። 'ቀጥሎ ምን ነበር?' ይለኝ ነበር። ከማን እንደሰማት ግን...»

እዚያ ላይ ተቆረጠ። «ሃሎ?» አልኩ። ስልኩን ወደ ላይ አነሳሁት፣ ወደ ጎን አዞርኩት።

ቆሜ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ፣ እንደ ያኔው። የመጀመሪያዋ ስንኝ የአባቱ፣ ከአባቱም በፊት የማን እንደሆነች እንጃ። «ጤነኛው» የዚያ የማይታወቀው ሰው። «ቆመና»ም ብትሆን ከ«ይመጣና» ጋር ቤት እንድትመታ የገባች ናት፣ ከላይ ተገድጄ እንጂ ወድጄ አላልኳትም። ለእኔ የተረፈችኝ «ብቻውን ያወራል» የምትለዋ ናት። ሁለት ቃል። «ሃሎ? ሃሎ፣ ይሰማል? ከማን ሰማሁ አለህ?» አልኩ እንደገና፣ ጮክ ብዬ።

ሚስቴ መስኮቱን ከፈት አድርጋ አንገቷን አወጣች።

«አንተ፣ በዚህ ሌሊት ደጅ ላይ ቆመህ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»